የታጠነው ከሰል

የአዘና ከተማው የናፍጣ ወፍጮ ቤት ከሩቅ የሚታወቀው በድምፁ ሳይሆን በሽታው ነው። ናፍጣ ናፍጣ ቢሸት ማንም ምንም አይልም፤ ይሄኛው ግን የከረመ እንቁላል ከላምባ ጋር ለውሰው አፍንጫ ውስጥ የወተፉት ይመስላል። ሞተሩ ሲነሣማ አይጣል ነው። ጢሱ ጉሮሮ ይቆርጣል፣ ዓይን ይለበልባል። እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ውጭ ይጠብቃሉ። ውስጥ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዓለምነው ነው።

ዓለምነው የወፍጮው ባለቤትም፣ ሠራተኛም፣ ጠጋኝም ነው። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት ከጠፋ ወዲህ የኤሌክትሪክ ወፍጮዎቹ ተዘግተው የአካባቢው እንጀራ በሙሉ እሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ናፍጣውስ ቢሆን ደህናው መች ተገኝቶ! መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ከዚያ ተዘግቶ ይከርማል። ማደያው ደርቋል። የሚመጣው ከየት እንደተቀዳ፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ የማይታወቅ የጀሪካን ናፍጣ ነው። ያም ቢሆን ተለምኖ ነው የሚገኘው።

ሳሉ ሲጀምረው ብርድ ነው አለ። ሲብስበት የዱቄት ብናኝ ነው አለ። ደረቱ እንደ ወናፍ ሲያፏጭ ግን ምክንያት ጠፋው። ልጁ እንቁ እጁን ጎትታ እንጅባራ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ደረቱን አዳምጣ፣ ጀርባውን አዳምጣ ስታበቃ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አባባ፣ አስም ይዞዎታል። የሚቀሰቅሰው ደግሞ ይሄ ድኝ የበዛበት ጢስ ነው። ይሄን መድኃኒት ሲጨንቅዎት በአፍዎ ይስቡታል። ከጢሱ ካልራቁ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ አንድ ቀን ትንፋሽዎ ይዘጋል" አለችው።

ዓለምነው ባርኔጣውን አንሥቶ አመሰገናት። መረቃትም። በማግስቱ ማልዶ ሞተሩን አስነሣ።

እንቁ ያላለችው ነገር የለም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። እሱ እንደሆነ አንዴ ሙጭጭ ካለ አለ ነው። "እና ሰው ጥሬውን ይቆርጥም?" ይላታል። "በቀለች እነዚያን ልጆች ይዛ፣ እህል ተሸክማ እንጅባራ ድረስ ትሂድ? አንቺ ነሽ የምትሸከሚላት?" በቀለች ጎረቤታቸው ናት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረ፣ ቤት ሙሉ ልጅ የታቀፈች። ስሟ ሲነሣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። 

ሰውየው ከጢሱ አልርቅ ካለ ጢሱን ከሰውየው ማራቅ ነው እንግዲህ። ይሄ ሐሳብ ለሌላ ሰው ቢመጣ እብደት ነበር። እንቁ ግን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ እየሠራች ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ የምርምር ሥራዋም ከነዳጅ ውስጥ ድኝን በከሰል መልቀም ነው። አዊ ውስጥ ከሰል ማለት ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ ነው። ያ ዛፍ በሽታ ገብቶበት በየማሳው ቆሞ ሲደርቅ የአባቷ ማሳም አልቀረለትም፤ ከመጨረሻዎቹ ግንዶች የወጣውን ከሰል ነበር በጆንያ ወደ ላብራቶሪ የወሰደችው።

ተራ ከሰል ድኝ አይዝም፤ ቢይዝም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፈጨችው፣ ነፋችው፣ በናይትሪክ አሲድ ቀቀለችው፣ አጥባ አድርቃ የመዳብ ጨው አጠጣችው፤ ከዚያ አየር በማይገባበት፣ ናይትሮጅን በሚነፋበት ምድጃ ውስጥ አጋለችው። በዚህ ሁሉ ስቃይ ያለፈ ከሰል ውስጡ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይሞላል። መዳቡ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ ናፍጣው ሲያልፍ ድኙን አፈፍ ያደርገዋል። ናፍጣው ይሄዳል፣ ድኙ ይቀራል።

መጀመሪያ የሞከረችው በአንዲት ብልቃጥ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ሀብቱ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ከመብራት ገመድ ላይ የተላጠ፣ ተፈግፍጎ ቀይ የሆነ የመዳብ ሽቦ በሞቀ ናፍጣ ውስጥ ትነክራለች፤ ድኝ ያለበት ናፍጣ ሽቦውን ያጠቁረዋል። ባልተጣራው ውስጥ የነከረችው ሽቦ ከሰል መሰለ። በተጣራው ውስጥ የነከረችው ቀይ እንደሆነ ወጣ። ሀብቱ ብልቃጧን አሽትቶ አላመነም፤ መልሶ አሸተተ።

"ኧረ ይሄ ነገር ሽታው የት ገባ?" አለ።

እንቁ የዚያን ለት የአባቷን ነገር ነገረችው። ጥቀርሻው እንደማይቀር ታውቃለች፤ ጢስ ያው ጢስ ነው። የሚቆርጠው፣ ደረት የሚዘጋው ድኙ ግን ይቀራል። ሀብቱ ብዙ አላስቀጠላትም። መደርደሪያው ላይ የቀረው አሲድ አንድ ጠርሙስ ነበር፣ የመዳብ ጨውም የዕቃው ቂጥ ላይ የቀረች፣ የናይትሮጅን ሲሊንደሩም ሊያልቅ የደረሰ። ሁሉም ለመመረቂያ ሥራዋ የተቀመጠ ነው። አዲስ ለማስመጣት መንገዱ መከፈት አለበት፤ መንገዱን ደግሞ ፈጣሪ ይወቀው።

"አድርጊው" አላት። "መመረቂያው ይደርሳል። አባት ካመለጠ አይደረስበትም።"

አደረገችው። ሲሊንደሩ እስኪነጥፍ ድረስ አጋለችው። የወጣውን ከሰል በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ በሚኒባስ ወደ አዘና ገባች።

እናቷ እታለማሁ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቀቻት። እታለማሁ ነገር ለማወቅ ብዙ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም፤ ይሄ ጥቁር ዱቄት የባሏን ትንፋሽ እንደሚመልስ ከተነገራት ይበቃታል። ማጣሪያው የሚሠራበትን ዕቃ የሰጠችውም እሷ ናት፤ የወተት ቢዶኗን። ብረት ነው፣ አፉ ሰፊ ነው፣ ክዳኑ ይገጥማል። እንቁ ቀደም ብላ ከታች አስበስታ ቧንቧ አስበይዳበት ነበር። የቀረው ከቧንቧው ወደ ሞተሩ የሚወስድ ቱቦ ነው።

"ቱቦውን ገበያ ሄጄ ልፈልግ" አለች እንቁ። "አንቺ ቢዶኑን ንጹሕ አድርጊልኝና ከሰሉን ገልብጪበት። ውሃ እንዳይነካው አደራ። አቧራም እንዳይገባው፣ እጅሽንም አድርቂ። ክደኚና ጠብቂኝ።"

ስለ ውሃ ነገረቻት፣ ስለ አቧራ ነገረቻት፣ ስለ እጅ ላብ ነገረቻት። ስለ ወይራ ማን ያስባል?

በእታለማሁ ቤት ግን ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ወተት ይሁን፣ ጠላ ይሁን፣ ለእንግዳ የሚቀርብ ውሃ እንኳ ይሁን፤ ዕቃው በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ የወይራ እንጨት ፍም ገል ላይ ይደረግና ዕቃው ይደፋበታል። ጭሱ ዕቃው ሆድ ውስጥ እስኪሰርጽ ይጠበቃል። እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ አገሩ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። ሳያጥኑ ማስቀመጥ የባለጌ ሥራ ነው። እና የባሏ ነፍስ የሚያድርበትን ዕቃ ሳታጥን ልትተወው ነው?

እንቁ ቱቦውን ይዛ ስትመለስ ከበሩ ላይ ቆመች። ቤቱ ወይራ ወይራ ይሸታል።  እናቷ ቢዶኑን ታቅፋ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ በላብ ወዝቶ፣ እንደ ሙሽራ ትስቃለች። በቀለችም ልታግዝ መጥታ አጠገቧ አለች።

"ያንቺስ ከሰል ጉድ ነው!" አለች እታለማሁ። "ቢዶኑን አጥኜ አጥኜ ከሰሉን ብገለብጥበት ሽታው ድራሹ ጠፋ። ወይራው እርጥብ ይሆናል ብዬ ደግሜ አጠንኩት። ደግሞ ጠፋ። ጭስ የሚጠጣ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እልህ ያዘኝ። በቀለች ቤት ያለውን ወይራ ሁሉ አምጥተን፣ ከሰሉን እያገላበጥን፣ ክዳኑን እየደፋን፣ እንዲያው ሲጠግብ ጊዜ እሺ አለ። አሁን አሽትቺው። ለአባትሽ ይሄ ሲያንሰው ነው።"

እንቁ ክዳኑን ከፈተች። ማሽተት አላስፈለጋትም። ሽታው የጠፋው ከሰሉ እየበላው ነው፤ ሽታው እሺ ያለውም ከሰሉ መብላት ስላቃተው ነው። ለድኝ የተዘጋጀው ቦታ አንድ ሳይቀር የወይራ ጭስ ገብቶበታል። አሲዱ የለ፣ መዳቡ የለ፣ ናይትሮጅኑ የለ።  ከዚያ አፏ የራሷ አልሆነም።

"ገደልሽው" አለች። "እማዬ፣ ገደልሽው። አባዬን በገዛ እጅሽ ገደልሽው።"

በቀለች አፏን ያዘች። እታለማሁ መጀመሪያ አልገባትም፤ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንደተሰቀለ ቆየ። ሲገባት ቢዶኑን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እጆቿን አገላብጣ ተመለከተቻቸው። እንቁ ቃሉን ልትመልሰው ፈለገች። የወጣ ቃል መቼ ይመለሳል። ቀና ስትል አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

ውጭ ወጥታ ለሀብቱ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አለቀሰችበት። ናይትሮጅን ቢኖር ከሰሉን መልሶ በማጋል ጭሱን ማባረር ይቻል ነበር፤ ሁሉንም ባይሆን ግማሹን።

"ሲሊንደሩን እኮ አንቺው ነሽ የጨረስሽው" አለ ሀብቱ። "መንገዱ ይከፈት እንጂ የመጀመሪያው ያንቺ ነው። እንቁዬ፣ ትንሽ ታገሺ።" እንቁ መታገሥ ያለበት እሷ ሳትሆን የአባቷ ደረት እንደሆነ ታውቃለች።

እታለማሁ የዚያን ለት እህል አልቀመሰችም። በማግስቱም አልቀመሰችም። መደቡ ላይ ግድግዳውን ዞራ ተኛች። በቀለች ብትለምናት፣ እንቁ እግሯ ላይ ብትወድቅ በጄ አላለችም። እንዲያው አንዴ ብቻ፣ "እውነትሽን ነው" አለቻት ለልጇ። ያ ከስድብ ሁሉ ይከፋል።

ዓለምነው ቢዶኑን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ገባ፤ ቱቦውን ራሱ ገጠመ፤ ናፍጣውን ራሱ ቀዳበት። ሞተሩን ሲያስነሣ እንቁ ሮጣ ደረሰች።

"አባዬ፣ አይሠራም እኮ። ከሰሉ ተበላሽቷል።"

"እስቲ እንየው" አላት።

ድሮ ሲፈጭ ሁለቱንም በሮች ከፍቶ፣ በመሃል በመሃል እየወጣ አየር ወስዶ ነበር የሚመለስ። የዚያን ለት አልወጣም። እንቁ ውጭ ቆማ ጠበቀች። ሞተሩ ሲጠፋ ፊቱ ዱቄት ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ፤ እሷን አልፏት በቀጥታ ወደ ቤት ገባ። ሚስቱ ጀርባ ላይ እጁን አሳረፈ።

"እታለም" አላት። "ተነሺ። አይቆርጥም። ጢሱ ዛሬ አይቆርጥም።" ከዚያ ሲደሰት እንደሚያደርገው ወደ አዊኛ ዞረና ብዙ ነገር ነገራት። እጅሽ ይባረክ ነው የሚላት፤ ያጠንሽው ነው ያዳነኝ ነው የሚላት። እታለማሁ ዞራ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች።

አሁን እዚህ ላይ ለእንቁ የምንፈርድላት ካለን እንፍረድላት። የናፍጣው ሽታ ያው እንደሆነ አፍንጫዋ ነግሯታል፤ ወይራ ተጨመረበት እንጂ ምንም አልተቀነሰለትም። ከቧንቧው በትንሽ ጠርሙስ ቀድታለች። ቀዩ የመዳብ ሽቦ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ናፍጣውን ሞቅ አድርጎ ሽቦውን መንከር ብቻ ነው፤ እውነቱ እዚያው ይወጣል። ግን እናቷ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታንኳኳ ሰማች። ሳቅ እንኳ ሰማች። ጥቂት ቀዳዳዎች ተርፈው ይሆናል አለች በልቧ። ሰውየው በገዛ ደረቱ እየመሰከረ እኔ ምን አውቃለሁ አለች። ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ እንጅባራ ተመለሰች። ያን የተናገረችውን ቃል የሚፍቅላት ነገር ቢመጣላት እንዴት ትጥላው?

በየቀኑ ትደውላለች። አባቷ ያነሣል። "ደህና ነኝ" ይላል። ዝም ይላል። "ደህና... ነኝ" ይላል። ኔትወርኩ ነው ትላለች ለራሷ። አንድ ማለዳ ግን እናቷ አነሣች። ድምፅዋ እንደ ልጃገረድ ጠርቷል።

"ኧረ ተይኝ፣ አባትሽ ልጅ ሆኗል" አለቻት። "ያን የሚስበውን መድኃኒት እንኳ አልፈልገውም ብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈው። ምን ያደርግልኛል፣ እታለም ከሐኪም በለጠች አለኝ። ቁልፉን ለኔ ሰጠኝ።"

እንቁ ቦርሳዋን አነሣች። ስልኩን እንደያዘች ወደ ላብራቶሪ ሮጠች። ሀብቱ ገና ካፖርቱን አላወለቀም። ጠርሙሷን አወጣች፣ ናፍጣውን አሞቀች፣ ሽቦውን ነከረችው። ሁለቱም አጎንብሰው ጠበቁ። ሽቦው ዳር ዳሩን ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠቆረ። ሀብቱ ቀና አላለም።

"ሂጂ" አላት። "አሁኑኑ ሂጂ።"

ደወለች፤ አይሠራም። ደገመች፤ አይሠራም። መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ካልሞላ አልነቃነቅም አለ። ረዳቱን ለመነችው፣ ሾፌሩን ለመነችው፣ የተሳፈረውን ሰው ሁሉ ለመነችው። አንዲት አሮጊት፣ "ኧረ ውሰዷት እናንተ ጉዶች፣ ልጅቱ ልትሞት ነው" ብለው ሲቆጡላት ነው መኪናው የተነቃነቀው። መንገዱን ሙሉ መዳፏን በጥርሷ ይዛ ሄደች።

የገበያ ቀን ነበር። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰው ሞልቷል፤ አዲስ ጤፍ፣ አዲስ ዳጉሳ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ። ሞተሩ ያጓራል። በሮቹ ግን ሁለቱም ዝግ ናቸው።

"ምነው በሩ?" አለች እንቁ፣ በቀለችን ይዛ።

"እሱ ነው የዘጋው" አለች በቀለች። "ጢሱ አሁን አይጎዳም፣ ነፋሱ ዱቄቱን እየወሰደብኝ ነው ብሎ። ያንቺን ማጣሪያ እኮ ለሰው ሁሉ እያወራ ነው።"

እንቁ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ጨለማው ዓይን ይበላል። በዳሰሳ ሄዳ ሞተሩን አጠፋችው። አባቷ ጆንያዎቹ ላይ ጀርባውን ጥሎ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ተክሎ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚስብ ሰው ትንፋሽ ይፈልጋል። ማፏጨቱ እንኳ ቀርቷል። ጎትታ ወደ ብርሃኑ አወጣችው። ሴቶቹ ተሯሯጡ፤ በቀለች መድኃኒቱን ከሳጥኑ ልታስመጣ ወደ ቤት በረረች። ባጃጅ ተጠራ።

እንቁ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። "ለምን አባዬ?" አለችው። "ታውቅ ነበር እኮ። ለምን?"

ቃል ለማውጣት ትንፋሽ ያስፈልጋል። እሱ ያለችውን ጥቂቷን ለዚህ አዋላት።

"ግድግዳውን... ዞራ..." አለ። "እንዴት ልያት?" ቆየ። "እንዳትነግሪያት። ሠርቷል በያት። ማዪልኝ።"

"እሺ" አለች እንቁ። "እምልልሃለሁ አባዬ፣ እሺ፣ አትናገር።"

ባጃጇ መጣች። እታለማሁ መድኃኒቱን በእጇ ጨብጣ፣ መቀነቷ ተፈቶ እየተንዘላዘለ ስትደርስ አስገብተውታል። አፉ ላይ አድርጋ ጫነችለት። መድኃኒቱ ወጣ፤ የሚስበው ግን አልነበረም። ዓለምነው ከአዘና ሳይወጡ፣ ሚስቱ ክንዱን እንደያዘች፣ ልጁ እንቁ ማህፀን ውስጥ እንዳለ ሕፃን አጥፋ እንዳቀፈችው ሞተ።

አገር አለቀሰለት። ያልፈጨለት ሰው የለማ። ቀብሩ ላይ አልቃሿ ሙያውን አንሥታ ስታሞግስ የሰው ጩኸት ሌላ ሆነ። እታለማሁ ደረቷን እየመታች ሁሉንም ተናገረች እንጂ ራሷን አልወቀሰችም። "ልቡ ነው" ትላለች ለሚያጽናናት ሁሉ። "ደረቱማ ድኖለት ነበር። ልጄ ናት ያዳነችው። ልቡ ነው የከዳኝ።" እንቁም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ምላለች። መሐላው እንደ እሾህ ጉሮሮዋ ላይ ተተክሏል፤ ይሁን፣ እኔን ይውጋኝ፣ እሷ ትትረፍ ትላለች።

ሣልስቱ ተበልቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ያ ሁሉ ጆንያ እንደተደረደረ ነው። ሰው አፍሮ እንጂ ዱቄት አልቆበታል። በቀለች ማልዳ መጣችና በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ለሐዘኑም ለእህሉም ነው። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶችም መጡ። ማንም አፍ አውጥቶ የጠየቀ የለም። 

እታለማሁ ከመደቡ ተነሣች። ጥቁር ቀሚሷ ላይ የባሏን ካፖርት ደረበች፣ ሻሿን ወደ ኋላ አሰረች። በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ሞተር ሲያስነሣ ያየችው ነገር ነው፤ ጀሪካኑን አንሥታ ቢዶኑ ላይ ናፍጣ ልትገለብጥ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። እንቁ ከኋላዋ ተከተለቻት።

"እማዬ፣ የት ነው?"

"ሰው ይራባል እንዴ?" አለች እታለማሁ። "እሱ ቢኖር ዝም ይል ነበር? እኔ እፈጫለሁ።"

"ሌላ ሰው ይፈለጋል። ምንይችልን እንጠይቀው።" ምንይችል የአባቷ ወንድም ልጅ ነው።

"ምንይችል ማሳውን ትቶ? ተይ እንጂ ልጄ። ምን እንዳልሆን ነው? ጢሱ እንደሆነ አይጎዳም። እኔው በእጄ ያጠንኩት፣ አንቺ የሠራሽው ማጣሪያ አለልኝ።" የወፍጮ ቤቱን በር ከፈተችና ገባች፤ ከውስጥ ልትዘጋው እጀታውን ያዘች። "ነፋሱ ዱቄቱን ይወስደዋል" አለች፣ ልክ እንደሱ።

እንቁ እግሯን በሩ መሃል አስገባች። አባቷ ደረቷ ላይ ተደግፎ የጠየቃትን አሰበች። የማለችለትንም አሰበች። እናቷ አጠገቧ ቆማ በደህና ሳንባዋ ትተነፍሳለች።

"እማዬ" አለች። "አልሠራም።"

"ምኑ?"

"ማጣሪያው። አንድም ቀን አልሠራም። ጢሱ ያው ነበር። አባዬን የገደለው እሱ ነው።"

እታለማሁ እጀታውን እንደያዘች ቀረች።  እናትየው ብዙ ጊዜ የልጇን ፊት አየች፤ ቁጣ የፈለገች ትመስላለች፣ ሐሰት የፈለገች ትመስላለች። ሁለቱንም አላገኘችም።

"እሱ ያውቅ ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"ያውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያዋ ቀን" አለች እንቁ። "ተነሺ ካለሽ ቀን ጀምሮ።"

እታለማሁ ካፖርቱን በሁለት እጇ ሰብስባ ደረቷ ላይ ያዘችው። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እንቁ አጠገቧ ወረደች፤ ልትነካት ፈርታ እጇን መሬት ላይ አሳረፈች። በቀለች ቀስ ብላ መጥታ ከመሃላቸው ጀሪካኑን አነሣችና ግድግዳው ጥግ ወሰደችው። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ እህላቸውን ተሸከሙ።